ጥፋተኛው አቶ እገሌ ብቻ ናቸውን?
የፍሌሚንግ የኖቤል ንግግር ከስታፍ ባክቴሪያ ታሪክ አንጻር ሲመዘን

ስለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አጠቃቀም በሚዘጋጁ ዐውደ ጥናቶች፣ በሥልጠና ጽሑፎች መቅድምና በየዓመቱ በኅዳር ወር በሚከበረው የግንዛቤ ሳምንት ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ንግግር አለ። ይህም ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከሃዋርድ ፍሎሪና ከኤርንስት ቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት በተቀበሉ ማግስት፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1945 በስቶክሆልም ከተማ «ፔኒሲሊን» በሚል ርእስ ያሰሙት ንግግር ነው። በንግግሩ መደምደሚያ አካባቢ የምትገኘው አጭር ምሳሌ ከእናት ጽሑፏ ተለይታ፣ እንደ ተረትም እንደ ትንቢትም እየተቆጠረች ሰማንያ ዓመት ያህል ኖራለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያችን ምሳሌ እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ሥራ መመርመር፣ ብርታቷን ከድካሟ ለይቶ ማሳየትና በእኛ የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያሳደረችውን ተጽዕኖ መመዘን ነው። ለመመዘኛነት የተመረጠው በጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን በሚገኘው በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሻጋታው ሲያሟሟው ያዩት በሳህን ላይ ያሳደጉትን የስታፊሎኮከስ ዘር ነበር። ኋላም በሆስፒታሎች ውስጥ ፔኒሲሊንን በሰፊው በማሸነፍ ቀዳሚ የሆነው ይኸው ባክቴሪያ ነው። የመድኃኒቱ ታሪክ በእርሱ ተጀምሮ ሳለ የማስጠንቀቂያው ታሪክ ግን እርሱን ሳይጠራ ማለፉ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

የንግግሩ ይዘትና ብርታት

ፍሌሚንግ በንግግራቸው ስለ ግኝታቸው ሲተርኩ ራሳቸውን አላካበዱም። ነገሩ በአጋጣሚ የታየ መሆኑን፣ የእርሳቸው ድርሻም ያዩትን አለመናቅና እንደ ባክቴሪያ ተመራማሪ መከታተል ብቻ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ቀጥለውም ፔኒሲሊን የባክቴሪያን እድገት ሲገታ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደማይጎዳ የታዘቡበትን ሙከራ አስረድተዋል። ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም። ፍሌሚንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ቡሎኝ ከተማ የቁስለኛ ወታደሮችን ኢንፌክሽን ሲያጠኑ፣ በጥልቅ ቁስል ውስጥ የሚፈሰው ኬሚካል ከባክቴሪያው ይልቅ የታማሚውን ተከላካይ ሕዋሳት እንደሚገድል አሳይተው ነበርና።

ከዚህ በኋላ ነው ምሳሌዋ የምትመጣው። በእንግሊዝኛው ባለታሪኩ «ሚስተር ኤክስ» ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ አቶ እገሌ ብንላቸው ይስማማል። አቶ እገሌ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ፔኒሲሊን ከሱቅ ገዝተው ስትሬፕቶኮከሱን ለመግደል የማይበቃ፣ መድኃኒቱን እንዲቋቋም ለማስተማር ግን የሚበቃ መጠን ይወስዳሉ። ከዚያም በሽታውን ለባለቤታቸው ያስተላልፋሉ። ወይዘሮዋ የሳንባ ምች ይይዛቸዋል፤ በፔኒሲሊን ይታከማሉ፤ ባክቴሪያው ግን አስቀድሞ መድኃኒቱን ተላምዷልና ሕክምናው ሳይሠራ ቀርቶ ይሞታሉ። ተናጋሪው ለሞቱ ተጠያቂ ማን እንደሆነ ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ፦ በቸልተኝነት የባክቴሪያውን ጠባይ የለወጡት ባል ናቸው። ትምህርቱም ፔኒሲሊን የሚወስድ ሰው በቂ መጠን ይውሰድ የሚል ነው።

የዚህች ምሳሌ ብርታት ግልጽ ነው። መላው ዓለም ፔኒሲሊንን እንደ ተአምር ባወደሰበት ሰዓት፣ ተሸላሚው ራሳቸው በውዳሴው አዳራሽ ቆመው የመድኃኒቱን ወሰን አሳስበዋል። የመድኃኒት መላመድን ጉዳይ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ወደ አንድ ቤት አስገብተውታል፤ የአንዱ ሰው አወሳሰድ ሌላውን ሰው እንደሚገድል በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አሳይተዋል። ይህን የመሰለ ግልጽነት ዛሬም በሕዝብ ጤና ትምህርታችን ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ምሳሌ በማራኪነቷ ብቻ ሳይሆን በምትመራበት አቅጣጫም ትመዘናለች። የፍሌሚንግ ምሳሌ በአራት ነገሮች ትነቀፋለች፤ በተመረጠው ተህዋስ፣ በተገለጸው አሠራር፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታና ፈጽሞ በተዘነጋው መከላከያ።

የተመረጠው ተህዋስ

አቶ እገሌ «ያስተማሩት» ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ነው። የጉሮሮ ቁስል የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ግን ይህን ሁሉ ዘመን በመላው ዓለም ሲታከምበት ኖሮ እስከ ዛሬ በፔኒሲሊን ይገደላል። በየጤና ጣቢያው ሩማቲክ የልብ በሽታን ለመከላከል በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምንወጋውም ይህ እውነት ስለሆነ ነው። በርግጥ የስትሬፕቶኮከስ ወገን የሆነው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፔኒሲሊንን ኃይል መቋቋም ጀምሯል። ስለዚህ የፍሌሚንግ ግምት ጨርሶ ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፔኒሲሊንን ቀድሞና በብዛት ድል የነሳው ስታፍ ነው።

ይህ በ1945 ያልታወቀ ነገር ቢሆን ኖሮ ተናጋሪውን መውቀስ ግፍ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1940 ከኦክስፎርድ የምርምር ቡድን ኤድዋርድ አብርሃምና ራሳቸው ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ከባክቴሪያ ማግኘታቸውን አሳትመው ነበር። በ1942 መድኃኒቱን የሚቋቋም ስታፍ ከታማሚዎች ላይ መገኘቱ ተዘግቧል። በ1944 ደግሞ ዊልያም ከርቢ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ ካለው ስታፍ ፔኒሲሊንን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር አውጥተው አሳይተዋል። ሦስቱም ከንግግሩ በፊት ለንባብ የበቁ ናቸው።

ስታፍ ለዚህ ሚና ከማንም በላይ የሚመጥን ባለታሪክ ነበር። የአበርዲኑ ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ከእባጭ የወጣ መግል በማይክሮስኮፕ መርምረው፣ በ1880 በርሊን ላይ ለቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ግኝታቸውን ካቀረቡ በኋላ፣ በ1882 እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ለሚታዩት ክብ ተህዋስያን «ስታፊሎኮከስ» የሚል ስም ከግሪክኛ አወጡላቸው። በ1884 ጀርመናዊው ሮዘንባህ ወርቅማ ቀለም ያለውን ከነጩ ለይተው «ኦሪየስ» አሉት። ከሰው ልጆች ሲሶ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ ያለ ምንም ሕመም በአፍንጫቸው ይሸከሙታል። ቆዳ ሲላጥ፣ ሲወጋ ወይም ሲቀደድ ግን ብጉንጅ፣ እባጭ፣ የጡት መግልና የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን ያስከትላል። ወደ ደም ሲገባ አጥንትን፣ መገጣጠሚያን፣ ጡንቻን፣ ሳንባንና የልብ በርን ያጠቃል። በ2022 የታተመ ሰፊ ዓለም አቀፍ ትንተና በ2019 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሞት ምክንያት እንደነበረና በ135 አገሮች ከባክቴሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ገዳይ እንደሆነ ገምቷል።

ስለዚህ የምሳሌዋ የመጀመሪያ ድካም ጠላትን ከውጭ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አድርጋ መሣሏ ነው። ስታፍ እንግዳ አይደለም፤ የቤቱ ነዋሪ ነው። ነዋሪ መሆኑም ቀጥሎ ለምናየው ነገር ቁልፍ ነው።

«መማር» ወይስ መመረጥ?

ፍሌሚንግ ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚማር ተናገሩ። በቤተ ሙከራ ውስጥ ለመግደል የማይበቃ መጠን እየሰጡ ባክቴሪያን ማጠናከር እንደሚቻል ማየታቸው እውነት ነው። በሆስፒታል ውስጥ የሆነው ግን በአመዛኙ ሌላ ነበር። በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ሜሪ ባርበር የተባሉት ባክቴሪያ ተመራማሪ ከንግግሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ ባደረጉት ክትትል፣ በሆስፒታሉ ከተገኙት የስታፍ ናሙናዎች ውስጥ ፔኒሲሊንን የሚቋቋሙት በ1948 ከግማሽ በልጠው ነበር። ባርበር እንዳስረዱት ይህ የሆነው እያንዳንዱ ታማሚ በሕክምናው መካከል ባክቴሪያውን «ስላስተማረ» ሳይሆን፣ ቀድሞውኑ ኢንዛይሙን የሚያመነጩ ዝርያዎች ሌሎቹ በመድኃኒት ሲጠፉ ሜዳው ተለቅቆላቸው ከታማሚ ወደ ታማሚ በመዛመታቸው ነው።

የኋለኛው ዘመን የዘረመል ጥናትም ይህን አጠናክሮታል። ሜቲሲሊንን የሚቋቋመው ስታፍ፣ መድኃኒቱ ሥራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ፣ በ1961 ከለንደን ተዘገበ። በ2017 የታተመ ጥናት ግን ይህ ባክቴሪያ ተቋቋሚነቱን የሚሰጠውን ዘረመል ያገኘው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ሜቲሲሊን ከመፈጠሩ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑን አመልክቷል። ያኔ በሰፊው የሚሰጠው ፔኒሲሊን ነበርና መርጦ ያቆየው እርሱ ነው ማለት ነው። በ2022 ደግሞ በአውሮፓ ጃርቶች ቆዳ ላይ ፔኒሲሊን መሰል ንጥረ ነገር ከሚያመነጭ ፈንገስ ጋር አብሮ የሚኖር ተቋቋሚ ስታፍ፣ የሰው ልጅ መድኃኒቱን ከማወቁ ብዙ ዘመን አስቀድሞ እንደነበረ ታውቋል። በጃርት ቤት አቶ እገሌ አልነበሩም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ መመርመር ተገቢ ነው። «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ» እንላለን። መላመድ በአማርኛ በመደጋገም የሚመጣ ጠባይ ነው፤ ፈረስ ልጓም ይላመዳል፣ ሰው ስደት ይላመዳል። ቃሉ የፍሌሚንግን «መማር» በሌላ መልክ ይደግመዋል። ከዚህም የከፋው፣ ብዙ ታማሚዎች ቃሉን ሲሰሙ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ብለው ይረዱታል። በዚህም ምክንያት ብዙ መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ችግሩ የማይመለከተው ይመስለዋል። «የሚቋቋም» የሚለው ቃል ይሻላል፤ «መድኃኒት የማይገድለው» ቢባልም ማንም ይረዳዋል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባክቴሪያው የሚማር ከሆነ መፍትሔው ለማስተማር ጊዜ የማይሰጥ በቂ መጠን ነው። የሚመረጥ ከሆነ ግን ያለ አግባብ የተሰጠ መድኃኒት፣ በበቂ መጠንም ቢሆን፣ በሙሉ ቀኑም ቢሆን ምርጫውን ያካሂዳል። ለጉንፋን የታዘዘ አሞክሲሲሊን ጉንፋኑን ባመጣው ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም፤ በአፍንጫና በአንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ግን ያበጥራል። አቶ እገሌ የታዘዘላቸውን አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ ቢውጡ እንኳ፣ ትእዛዙ ከመጀመሪያው አላስፈላጊ ከነበረ ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ጥፋተኛውም እርሳቸው አይደሉም። በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ትንተና «ጀምረህ ጨርስ» የሚለው ምክር መላመድን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለው የተከራከረው ከዚሁ አስተሳሰብ ተነሥቶ ነው።

ይህን ማለት ግን ሕክምናን እንደ ፈቀዱ ማቋረጥ ይቻላል ማለት አይደለም። ስታፍ ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በደም ውስጥ የተገኘ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ምንም ያልተወሳሰበ ቢሆን እንኳ ቢያንስ 14 ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለ በረደ ብቻ ማቋረጥ በአከርካሪና በልብ በር ላይ የተደበቀውን መተው ነው። የቲቢም ነገር የታወቀ ነው። በአጭሩ፣ የሕክምና ርዝመት ለታማሚው መዳን እንደሚያስፈልገው ይወሰናል፤ ለማስጠንቀቂያ በተነገረች ምሳሌ አይወሰንም።

ድርጊቱ የተፈጸመበት ቤት

የምሳሌዋ ሦስተኛ ድካም፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሁሉም የሚከብደው፣ ቦታው ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በባልና ሚስት ቤት ነው። ሐኪም ብቅ የሚለው በመጨረሻ፣ ወይዘሮዋን ለማከም ሞክሮ ሳይሳካለት ለመቅረት ብቻ ነው። እጁ ንጹሕ፣ ትእዛዙ ትክክል፣ ዕድሉ ግን ጠማማ ሆኖ ይታያል።

የስታፍ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1953 በአውስትራሊያ የማዋለጃ ክፍሎች የታወቀውና ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው 80/81 የተባለው ዝርያ፣ በዚያው አሥርት ዓመት በብሪታንያና በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች ተዛምቶ አራስ ሕፃናትንና እናቶቻቸውን አጥቅቷል። እነዚያ ሕፃናት ከሱቅ መድኃኒት አልገዙም። በ1962 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ በሕፃናት ማቆያ ክፍል ውስጥ እጃቸውን በማይታጠቡ ነርሶች የተያዙ አራሶች ስታፍን ይበልጥ በብዛትና በፍጥነት እንደሚያገኙ በሙከራ አሳይቷል። ባክቴሪያውን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ ደግ የሆነ፣ የደከመና የቸኮለ የጤና ባለሙያ እጅ ነው።

ፍሌሚንግ ይህን ሁሉ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ከፊሉ ገና አልሆነም። ነገር ግን ታሪኩን እስከ ዛሬ የምንደግመው እኛ እናውቃለን። እያወቅን አቶ እገሌን ብቻ ለተወቃሽነት ማቆማችን ምሳሌዋ ለእኛ ስለምትመች ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በዚህች ምሳሌ ውስጥ ባለሙያ አይከሰስም፤ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ለምን ደረቀ ተብሎ አስተዳዳሪ አይጠየቅም፤ ሦስት ቀን አልፎት ሥሩ የቀላ ካኑላ ለምን አልተነቀለም ተብሎ ተረኛ አይጠራም።

ምሳሌዋ ስለ አቶ እገሌ ራሳቸውም የምትጠይቀው አንድም ነገር የለም። ወደ ሱቅ ለምን ሄዱ? ግማሽ መጠን ለምን ገዙ? ቸልተኛ ስለሆኑ ነው ትላለች። ለሃያ አንድ ፍሬ ታዝዞላቸው በኪሳቸው ያለው ገንዘብ ለስድስት ብቻ የሚበቃ ሰዎችን በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚያይ ባለሙያ ግን ቸልተኝነት የሚለው ቃል እንደማይበቃ ያውቃል። የመድኃኒት ቁጥጥር ሕጋችን ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ መከልከሉ ትክክል ነው። ሕጉ እንዲከበር ግን የጤና ጣቢያው ወረፋና ዋጋ ከሱቁ የተሻለ መሆን ይኖርበታል።

ከንግግሩ የቀሩት ቢላዋና ሳሙና

አራተኛው ድካም በዝምታ የሚገለጽ ነው። ንግግሩ ስለ አንድ መድኃኒት ነውና መድኃኒትን መናገሩ አያስነቅፍም። ነገር ግን በማስጠንቀቂያው ክፍል ችግሩም መፍትሔውም የመጠን ጉዳይ ብቻ ሆነው ቀርተዋል። ቀደም ብሎ የጻፉት ኦግስተን ቀዶ ሐኪም ስለነበሩ ከመግሉ ጀምረው ወደ ተህዋሱ ሄዱ፤ ከተህዋሱም ወደ ቁስል ንጽሕና ተመለሱ። ፍሌሚንግም በቡሎኝ የጻፏቸው ጽሑፎች ፈሳሽ መድኃኒት የማይደርስበት የቁስል ጓዳ እንዳለ የሚያስተምሩ ነበሩ። በስቶክሆልም ይህ የራሳቸው ትምህርት አልተነሣም።

የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምር ነበር። በፌብሩዋሪ 1941 በኦክስፎርድ ፔኒሲሊን የተወጋው የ43 ዓመት ፖሊስ በስታፍና በስትሬፕቶኮከስ ኢንፌክሽን ፊቱና ዐይኑ በመግል ተሞልቶ፣ ሳንባውም ተነክቶ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ተሻለው። መድኃኒቱ ጥቂት ስለነበር ከሽንቱ እየተጣራ እንደገና ቢሰጠውም አለቀ፤ በሽታው አገረሸና በማርች ወር ሞተ። ይህ ታሪክ ስለ በቂ መጠን አስፈላጊነት ይነገራል፤ ልክም ነው። ነገር ግን መግል በሰውነት ውስጥ ተቋጥሮ ከቀረ የባክቴሪያው ጎተራ እንዳልተነካም ያስረዳል።

ለብጉንጅና ለእባጭ ዋናው ሕክምና መክፈትና መግሉን ማውጣት ነው። በ2016 እና በ2017 በአሜሪካ የታተሙ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች መግሉ ከወጣ በኋላ ፀረ ባክቴሪያ መጨመር የመዳንን ዕድል በመጠኑ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ይሁንና በሁለቱም ሙከራዎች መግሉ ወጥቶ ባዶ ክኒን ብቻ ከተሰጣቸው ታማሚዎች የሚበዙት ድነዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚረዳበት ቦታ አለ፤ ቢላዋውን ሊተካ ግን አይችልም። በተግባር የምናየው ሥርዓት ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ነው። የበሰለ እባጭ ይዞ የመጣ ታማሚ ክኒን ተሰጥቶት ይሸኛል፤ በሳምንቱ ሌላ ክኒን ይጨመርለታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ጡንቻው መግል ሞልቶ ይመጣል። የተሰጠው አሞክሲሲሊን ብቻውን ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ስታፍ በኢንዛይሙ ያፈርሰዋል፤ ለዚህ ወገን የተሠራው ክሎክሳሲሊንና መሰሎቹ ናቸው። ክሎክሳሲሊንን የሚቋቋመው ዝርያ መኖሩን ለማወቅም መግሉን ለምርመራ መላክ ይገባል፤ ቢያንስ ቤተ ሙከራው ባለበት ቦታ።

የቆዳ ነዋሪ የሆነ ባክቴሪያ የምርመራ ውጤትን ያሳስታል። ቆዳው በአግባቡ ሳይጸዳ የተወሰደ ደም የስታፍን ዘመድ፣ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን ያበቅላል። ሐኪሙም በቆዳ ብክለት ምክንያት ለሁለት ሳምንት ያክማል። በተቃራኒው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በደም ውስጥ ሲገኝ «የቆዳ ነው» ተብሎ ሊተው ፈጽሞ አይገባም። የመጀመሪያው ስሕተት መድኃኒት ያባክናል፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። ሁለቱንም የሚቀንሰው በአልኮል የራሰ ጥጥና የአንድ ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ይህም በምሳሌዋ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ንግግሩን ዛሬ እንዴት እናንብበው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የተግባር ዕቅድ አምስት ዓላማዎችን ሲዘረዝር፣ ንጽሕናንና ኢንፌክሽን መከላከልን ሦስተኛ፣ የመድኃኒት አጠቃቀምን ማስተካከልን አራተኛ አድርጎ አስቀምጧል። ያልተያዘ ሰው መድኃኒት አይፈልግም፤ መድኃኒት ያልተሰጠበት ቦታም ምርጫ አይካሄድም። ድርጅቱ በ2009 ባወጣው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቷል፤ በየሆስፒታሉ በቀላል ዋጋ ሊቀመም የሚችል የእጅ አልኮል አዘገጃጀትም አቅርቧል። ከመድኃኒት ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

በእኛ የግንዛቤ ትምህርት ግን ሚዛኑ ወደ አቶ እገሌ ያዘነብላል። ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ማስታወቂያ ታማሚውን ይመክራል፤ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ፣ ጀምረህ አታቋርጥ፣ ለሌላ አታካፍል» ይላል። እያንዳንዱ ምክር መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ግድግዳ ላይ ለሐኪሙ «ይህ ቫይረስ ነውና አትዘዝ»፣ ለነርሷ «ካኑላው ዛሬ ያስፈልጋልን?»፣ ለአስተዳዳሪው «ቧንቧው ዛሬ ውኃ አለውን?» የሚሉ ጥያቄዎች እምብዛም አይታዩም። ታማሚውን መገሠጽ ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጥምና።

የሚከተለው ሐሳብ ለሙያ ባልደረቦች ይቀርባል። የፍሌሚንግን ምሳሌ በሥልጠና ላይ መጥቀስ አይቅር፤ ዳሩ ግን ከሁለት ጥያቄዎች ጋር ትጠቀስ። አንደኛው፦ በእኛ ክፍል ውስጥ ባለፈው ወር ኢንፌክሽን የያዛቸው የቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ባክቴሪያውን ከየት አገኙት? ሁለተኛው፦ በዛሬው ዕለት ካዘዝናቸው ፀረ ባክቴሪያዎች ውስጥ ምክንያቱ በካርድ ላይ የተጻፈው ስንቱ ነው? እነዚህን ለመመለስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መዝገብ፣ እርሳስና ግልጽ የሆነ የጠዋት ውይይት ይበቃል። በነዚህ ጥያቄዎች የተፈተነች ምሳሌ ባለሙያውንም ታማሚውንም በአንድ ወንበር ታስቀምጣለች።

ማጠቃለያ

የፍሌሚንግ ንግግር በትሕትናውና በአርቆ አሳቢነቱ ሲመሰገን ይኖራል። ምሳሌዋ ግን የማይቋቋመውን ባክቴሪያ መርጣ የሚቋቋመውን ረሳች፤ መመረጥን መማር አለች፤ የሆስፒታሉን ታሪክ ወደ መኖሪያ ቤት አዛወረች፤ ከመጠን ሌላ መከላከያ አላወቀችም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድለቶች በከፊል የዘመኑ ናቸው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በእኛ እጅ ሲደጋገሙ የእኛ ይሆናሉ።

ወይዘሮዋ የሞቱት በአንድ ሰው ጥፋት ነው ብሎ መዝጋት ለተራኪ ይቀላል። በእውነተኛው ዓለም ግን በስታፍ ኢንፌክሽን የምትሞት እናት መዝገብ ሲገለጥ ብዙ እጆች ይገኙበታል። ያልታጠበ እጅ፣ ሳይከፈት የቆየ እባጭ፣ ያለ ምርመራ የተቀያየረ መድኃኒት፣ ውኃ ያጣ ክፍል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሱቅ የተገዛ ግማሽ ፍሬ። አቶ እገሌ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። የቀሩት ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፤ ንግግሩን ስንጠቅስም ቀድመን ልናያቸው የሚገባን እነርሱን ነው።